ወላጅ ሲሞት ልጆቹ የማን ናቸው?

ኪዩት በሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ ወላጅ ሲሞት ልጆቹ አብረውት ይሞታሉ። ወላጅ የሚባለው ብዙ ጊዜ መስኮት ነው። ልጆቹ ደግሞ በመስኮቱ ላይ የምናያቸው ቁልፎች፣ የጽሑፍ ሳጥኖችና ሰንጠረዦች ናቸው። መስኮቱ ከሜሞሪ ሲወገድ ልጆቹን አንድ በአንድ አስወግዶ ነው የሚሄደው፤ ፕሮግራመሩ «ይህን አጥፋ፣ ያንን አጥፋ» እያለ መከተል የለበትም። ክፍል ውስጥ ስንማረው ሁላችንም ወደድነው። ሥራ የሚቀንስ ሕግ ማን ይጠላል?

ይህ ሕግ ከቦታው ውጪ ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ግን ክፍል ውስጥ አይደለም፤ እዚሁ ዩኒየን ሲቲ፣ በአንድ እድር መዝገብ ላይ ነው። ኮድ የማትጽፉ አንባቢዎች ገጹን አትዝጉት፤ ነገሩ የመስኮትና የቁልፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ አባል የሆነችበት እድር ከሄይዋርድ እስከ ፍሪሞንት ያሉ ቤተሰቦችን ይዟል። በወር አንድ ቅዳሜ ተገናኝተው መዋጮ ይከፍላሉ። ሰው ሲሞት እድሩ አዳራሽ ይከራያል፣ ምግብ ያዘጋጃል፣ አስከሬን አገር ቤት የሚላክ ከሆነም በወጪው ይረዳል። አብዛኞቻችን እድርን የምናውቀው በወላጆቻችን በኩል ነው፤ ራሳችን ገና አልገባንበትም። መዝገቡ ለረጅም ጊዜ በወረቀት ነበር። ከዓመታት በፊት ከአባላቱ የአንዱ ልጅ፣ ኮምፒውተር የተማረ፣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ሰጣቸው። ቁልፎቹ በአማርኛ ናቸው፦ መዝግብ፣ ፈልግ፣ ሰርዝ። ልጁ በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ ስቴት ሄደ፤ ፕሮግራሙ ግን በጸሐፊው ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ ቆየ።

ባለፈው ዓመት ከመሥራቾቹ አንዱ ዐረፉ። እድሩ የሚገባውን ሁሉ አደረገ። አርባቸው ካለፈ በኋላ ጸሐፊው ፕሮግራሙን ከፈቱ፤ የሟቹን ስም መርጠው «ሰርዝ» የሚለውን ተጫኑ። በሚቀጥለው ስብሰባ ባለቤታቸው ጥቁር እንደለበሱ መዋጮ ሊከፍሉ መጡ። ጸሐፊው ስማቸውን ጻፉ፤ «አልተገኘም» አለ። የልጆቻቸውን ሞከሩ። ሦስቱም የሉም።

«ስሜ ከሌለ እኔ ከእድሩ ወጥቻለሁ ማለት ነው?» አሉ ሴትዮዋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ገንዘብ ያዡ ብድግ አሉ። «ኧረ እትዬ፣ ምን ማለትዎ ነው! ኮምፒውተሩ ነው እንጂ እኛ አላወጣንዎትም።» ሰው ሲስቅባቸው ያልተዉትን የወረቀት መዝገብ ከቦርሳቸው አውጥተው የሴትዮዋን ክፍያ በእስክሪብቶ ጻፉ። አክስቴ ወደ እኔ ዞር አለችና «አንቺ ኮምፒውተር አይደል የምትማሪው? እስቲ ለጋሼ እዪላቸው» አለች። ላፕቶፑ በዚያው ምሽት እኛ ቤት ገባ።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ኮዱ ንጹሕ ነው፤ የሠራው ልጅ ሥራውን ያውቃል። ቤተሰቡ በስክሪን ላይ እንደ ዛፍ ተዘርግቶ እንዲታይ ስለፈለገ፣ ኪዩት ለመስኮትና ለቁልፍ ያዘጋጀውን የወላጅና የልጅ ሥርዓት ለሰዎቹም ተጠቅሞበታል። አባወራው ወላጅ ሆነ፤ ሚስትና ልጆች በፕሮግራሙ ቋንቋ የእርሱ «ልጆች» ሆኑ። በዚያ ጊዜ የእድሩ አባወራዎች በሙሉ በሕይወት ነበሩ፤ ሥርዓቱን የሚፈትን ነገር አልመጣም። ጸሐፊው «ሰርዝ» ሲሉ ኪዩት የታዘዘውን አደረገ። አባወራው ሄደ፣ በሕጉ መሠረት ቤተሰቡን ይዞ ሄደ፣ ፕሮግራሙም የቀረውን ዝርዝር በአሮጌው ፋይል ላይ ደርቦ አስቀመጠ። ክራሽ የለም፣ የስሕተት መልእክት የለም። ከኮምፒውተሩ አንጻር ሁሉም ነገር በትክክል ተፈጽሟል።

ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ኪዩትን ሁለት ኖርዌያውያን ፕሮግራመሮች እ.ኤ.አ. በ1991 መጻፍ ጀምረው በ1995 ለሕዝብ አወጡት። የመረጡት ቋንቋ ሲ ፕላስ ፕላስ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ በሂፕ ላይ የተፈጠረን ነገር የሚያጠፋው ራሱ ፕሮግራመሩ ነው። ካላጠፋ ሜሞሪ እየተጠራቀመ ይባክናል፤ ሁለት ጊዜ ካጠፋ ፕሮግራሙ ይወድቃል። አንድ መስኮት ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ሊኖሩት ይችላል። ስለዚህ «መስኮቱ የክፍሎቹ ሁሉ ባለቤት ይሁን» አሉ። ለመስኮትና ለቁልፍ ይህ ፍጹም ትክክል ነው። መስኮቱ ከሌለ በውስጡ የነበረው «እሺ» የሚለው ቁልፍ ወዴት ይሄዳል?

በግራፊክ ፕሮግራም ላይ የዕድሜ ጉዳይ ከሌላው የሚከብድበት ምክንያት አለ። ተራ ስሌት የሚሠራ ኮድ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይሄዳል፤ አንድ ነገር መቼ እንደሚወለድና መቼ እንደሚያበቃ ከገጹ ላይ ማንበብ ይቻላል። መስኮት ሲኖር ግን ቅደም ተከተሉን የሚወስነው በስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው። ሦስት መስኮት ይከፍታል፣ መካከለኛውን ይዘጋል፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን ይነካል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ ከወዲሁ ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ይህን ነገር የማጥፋት ኃላፊነት የማን ነው? ሌሎቹስ ስለ እርሱ የሚያውቁት በምን ዓይነት መብት ነው?

ለሁለተኛው ጥያቄ አማርኛችን ጥሩ ቃል አለው፤ አደራ። ጎረቤት ቁልፉን ሰጥቶሽ አገር ቤት ቢሄድ ቤቱን ትጠብቂያለሽ እንጂ አትሸጪውም። በኮድም እንዲሁ ነው። አንድ መስኮት የአባልን ስም ያሳያል፣ ስልኩን ያስተካክላል፤ አባሉ ግን የመስኮቱ ንብረት አይደለም። መስኮቱ ሲዘጋ አባሉን ይዞ ከጠፋ አደራ በላ ሆነ ማለት ነው።

የአደራው ሌላኛው ጎን ደግሞ አለ። አደራ ሰጪው ቀድሞ ቢጠፋስ? በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ ሲፈርስ የብዙ ሰው አድራሻ በሌሎች ስልክና ማስታወሻ ላይ እንዳለ ቀረ። አድራሻው አለ፤ ቤቱ የለም። በዚያ አድራሻ የሚሄድ ሰው ባዶ መሬት ወይም ሌላ ግንባታ ያገኛል። ፕሮግራም ውስጥ ይህ የታወቀ በሽታ ነው፤ ፖይንተሩ የድሮውን ቦታ ያሳያል፣ በቦታው ግን የሌላ ሰው መረጃ ተቀምጧል። ለዚህ ኪዩት «ኪው ፖይንተር»፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ «ዊክ ፖይንተር» የሚሉት አላቸው። ሁለቱም እንደ አስተዋይ ዘመድ ናቸው፤ ከመሄዳቸው በፊት «አላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ከሌለ ባዶ መሆኑን ይናገራሉ።

«ታዲያ ሁሉንም በጋራ ብንይዘው አይሻልም?» የሚል ይኖራል። የጋራ ባለቤትነትም አለ፤ «ሼርድ ፖይንተር» ይባላል። ያዦቹ ይቆጠራሉ፣ የመጨረሻው ሲለቅ ነገሩ ይጠፋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ያመጣው ኤአርሲም ቆጠራውን ለፕሮግራመሩ የሚሠራ ነው፤ ለአይፎን የምትጽፉ ተመራቂዎቻችን በየቀኑ አብራችሁት ትውላላችሁ። ችግሩ እኛ በደንብ የምናውቀው የሽኝት ችግር ነው። እንግዳ ከቤት ሲወጣ ባለቤቱ እስከ መኪናው ይሸኘዋል። እንግዳው «እርስዎ ሳይገቡ አልሄድም» ይላል። ባለቤቱ «አንተ ሳትሄድ አልገባም» ይላሉ። ሁለቱም ቆመው ያመሻሉ። መስኮቱ ሰንጠረዡን ከያዘ፣ ሰንጠረዡ ደግሞ መስኮቱን ከያዘ፣ ማንም ባያያቸውም ሁለቱ በሜሞሪ ውስጥ ቆመው ይቀራሉ። አንዱ ወገን «ዊክ» መሆን አለበት፤ ማለትም አንዱ ቀድሞ መሄድ እንዲችል መስማማት ያስፈልጋል።

ቆሻሻ ሰብሳቢ ያላቸው ቋንቋዎች፣ እነ ጃቫና ፓይተን፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ የወጡ ይመስላሉ። ሐሳቡን ያመጣው፣ በኋላም ከደምባርተን ድልድይ ማዶ ስታንፎርድ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ጆን ማካርቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው የሊስፕ ጽሑፍ ገልጾታል። ሰብሳቢው ማንም የማይደርስበትን ነገር ፈልጎ ያጠፋል፤ እንዲህ ያለውን የሽኝት ቀለበትም ይፈታል። ነገር ግን የተዘጋ መስኮት አንድ ቦታ «ለውጥ ሲኖር ንገሩኝ» ብሎ ስሙን አስመዝግቦ ከሄደ፣ በዚያ ምዝገባ ምክንያት አይሰበሰብም። ተቃራኒውም ይደርሳል። ኪዩትን በፓይተን የጀመሩ ልጆች ላብራቶሪ ውስጥ ሲገረሙ አይቻለሁ፦ በፈንክሽን ውስጥ የተፈጠረው መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ፈንክሽኑ ሲያልቅ የያዘው ማንም ስለሌለ። ቋንቋው አጥፊውን ይቀይራል እንጂ «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አያስቀርም።

ወደ እድሩ ልመለስ። በኮዱ ላይ እጄን ከማሳረፌ በፊት ገንዘብ ያዡን መተዳደሪያ ደንቡን ለመንኳቸው። «ለኮምፒውተር ደንብ ምን ያደርጋል ልጄ?» ብለው ሳቁ፤ ግን ሰጡኝ። መልሱ እዚያ ነበር፤ አባልነት የቤተሰብ ነው፣ አባወራ ሲሞት ባለቤቱ መዋጮ እየከፈለች ትቀጥላለች፣ ልጆችም በእርሷ ስም ይጠቀማሉ ይላል። በአማርኛ «ባለቤት» ስንል የንብረት ጌታንም የትዳር ጓደኛንም ማለታችን ነው። ደንቡ ሁለተኛውን ይዞ ተነሥቷል፣ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን። በደንቡ መሠረት ማንም አባል የሌላው ንብረት አይደለም፤ ሁሉም የሚመዘገቡት በእድሩ ነው።

ስለዚህ ማስተካከያው ይህ ሆነ። እያንዳንዱ ሰው፣ አባወራም ሕፃንም፣ በቀጥታ በእድሩ መዝገብ ሥር ይቀመጣል፤ ብቸኛው ባለቤት መዝገቡ ነው። የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ ልጅ መሆን ዝምድና እንጂ ባለቤትነት ስላልሆነ፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚያያዙት በመለያ ቁጥር ብቻ ነው። አባወራ ሲያርፍ «ሰርዝ» አይባልም፤ «ዐርፈዋል» የሚል ቁልፍ ተጨምሯል። እርሱ ሲነካ ፕሮግራሙ ኃላፊነቱን ማን እንደሚረከብ ይጠይቃል፣ ሳይመለስለትም አይቀጥልም። የኪዩት የወላጅና የልጅ ሕግ አልተሻረም። ወደ ተፈጠረበት ቦታ፣ ወደ መስኮቱና ወደ ቁልፎቹ ተመለሰ።

በዚያው ሥራ ላይ ሌላ ነገርም ተገኘ። ፕሮግራሙ ለአባላት የስልክ መልእክት ሲልክ ጸሐፊው መስኮቱን ቀድመው ከዘጉት ሁሉም ነገር ይወድቅ ነበር። መልእክቱ ደርሶ «ተልኳል» ለማለት ሲመለስ የሚነግረው መስኮት የለም። ኪዩት ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ሲግናልን ከተቀባዩ ጋር ስታገናኙ ተቀባዩን በስሙ ካስመዘገባችሁት፣ ተቀባዩ ሲጠፋ ግንኙነቱ በራሱ ይቋረጣል። ስሙን ሳትሰጡ አድራሻውን ብቻ በላምዳ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ግን የዶሮ ማነቂያው ነገር ይደርሳል። «ዴሊት ሌተር» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል። እኔ የገባኝ በእድር ቋንቋ ነው፤ ለቀስተኛው ሳይነሣ ድንኳኑን አታንሡ። አንድ መስኮት ገና የራሱን ሥራ እያከናወነ ሳለ ከሥሩ አይነቀልም፤ ትእዛዙ ይመዘገባል፣ ሥራው አልቆ ወደ ዋናው ዙር ሲመለስ ይፈጸማል።

ለፈተና ለምትዘጋጁ አንድ ልጨምር። በስታክ ላይ የተፈጠሩ ነገሮች የሚጠፉት በተፈጠሩበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ነው። ቁልፉን ቀድማችሁ ፈጥራችሁ፣ መስኮቱን ቀጥላችሁ፣ ከዚያ ቁልፉን ለመስኮቱ ልጅ አድርጋችሁ ብትሰጡት፣ በመጨረሻ መስኮቱ ቀድሞ ይሞታል፤ ልጁንም ያጠፋል። ከዚያ ቁልፉ በራሱ ተራ እንደገና ሊጠፋ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። ወላጅን አስቀድማችሁ ፍጠሩ። እንዲያ ሲሆን ልጁ ቀድሞ ይሞታል፣ ሲሞትም ራሱን ከወላጁ ዝርዝር ያወጣል፤ ሁለት ጊዜ የሚጠፋ አይኖርም።

ይህን ሁሉ ስሠራ በሐሳቤ የሚመላለሰው የኮድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከእኛ መካከል በኤች 4 ቪዛ ያደጉ ልጆች አሉ። የእነርሱ መኖር በወላጅ ኤች 1ቢ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የወላጅ ሥራ ሲቋረጥ የቤተሰቡ ሁሉ ወረቀት አብሮ ይናጋል፣ ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከዝርዝሩ ይወጣል። ይህም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው የወላጅና የልጅ ሕግ ነው። የማንን ዕድሜ ከማን ጋር እንደምናስር የሚወስን ሰው ሁልጊዜ አለ። በእድሩ ፕሮግራም ውስጥ ያን ውሳኔ ማንም ሳያስበው መሣሪያው ወሰነ።

ሌላ ምሳሌ ከከተማችን። ዩኒየን ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተችው አልቫራዶና ዲኮቶ የሚባሉ ሁለት መንደሮችን አንድ አድርጋ ነው። አልቫራዶ በ1853 የአላሜዳ ካውንቲ የመጀመሪያ መቀመጫ ሆና ነበር። ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ከተማ የለም፤ ሰፈሮቹ፣ ቤቶቹና መንገዶቹ ግን አሉ፤ ወደ ባርት ጣቢያው ስትሄዱ የምታልፉት ዲኮቶ ሮድ፣ ገበያ ስትወጡ አልቫራዶ ናይልስ ሮድ። ስሙ ሲያበቃ ልጆቹ አብረው አልጠፉም፤ አዲስ ወላጅ ተረከባቸው። ኪዩት ውስጥ ይህን የሚያደርገው አንድ መስመር ነው፤ ከመሰረዝ በፊት ለልጁ ሌላ ወላጅ መስጠት።

ሴትዮዋ በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ስማቸው ተገኘ። «አለሁ?» አሉ። «አሉ እትዬ» አሉ ጸሐፊው፣ ስክሪኑን ወደ እርሳቸው አዙረው። ገንዘብ ያዡ ግን የወረቀት መዝገባቸውን አልተዉም፤ እኔም ተዉ አላልኳቸውም። እኔ ተመርቄ ወደ ሌላ ስቴት ብሄድ ላፕቶፑን የሚከፍት ሌላ ልጅ መገኘቱን ማን ያውቃል?

ይህ ጥያቄ ወደ ራሳችን ማኅበር ያመጣናል። በየዓመቱ የሥራ አመራሩ ይለወጣል። የመጽሔታችን ገጽ፣ የፎቶዎቹ ማኅደር፣ የኢሜይል ዝርዝሩ፣ ሁሉም በአንድ ሰው ስም የተከፈቱ ናቸው፤ ያ ሰው ሲመረቅ ወይ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፣ ወይ የማይከፈት በር ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ገጽ የማይሞላ ነው። ያለንን ነገር ሁሉ በዝርዝር እንጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ በአደራ የያዘው ማን እንደሆነ፣ ሲሄድ የሚረከበው ማን እንደሆነ ይሰፍር። ተመራቂዎቻችን በስማችሁ የቀረ ነገር ካለ ጻፉልን። የእድሩን ፕሮግራም አብሮኝ ማየት የሚፈልግ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚያውቅ ልጅ ካለም ስብሰባው በወር አንድ ቅዳሜ ነው፤ ቡናም አለ።